አንጎል የራሱ ኢስትሮጅን አለው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ጉዳይ ላይ ስለሚገናኙ አብረን መልሰናቸዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ኢስትሮጅን የሴት ሆርሞን ነው፣ የሚመነጨውም ከእንቁልጢ ነው ተብለን ነው የተማርነው። አሁን ደግሞ አንጎልም ይሠራዋል ሲባል ሰማሁ። እኔ ወንድ ነኝ፤ እኔንም ይመለከተኛል?

መልስ፦ ይመለከትዎታል። ኢስትሮጅን የሚሠራው ከቴስቶስተሮንና ከመሰሎቹ ነው። አሮማቴዝ የሚባል ኢንዛይም ቴስቶስተሮንን ኢስትራዲዮል ወደሚባለው፣ ከኢስትሮጅኖች ሁሉ ብርቱ ወደሆነው ይለውጠዋል። ኢንዛይሙ ያለው እንቁልጢ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በስብ፣ በአጥንትና በአንጎልም አለ። አንጎል ይህን እንደሚያደርግ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይታወቃል። ወንድ ደግሞ ጥሬ ዕቃው፣ ማለትም ቴስቶስተሮኑ፣ በደሙ ውስጥ እንደ ልብ ነው። በወንድ አይጦች ላይ ሲለካ በሂፖካምፐስ (አዲስ ትውስታን በሚያጸናው የአንጎል ክፍል) ያለው ኢስትራዲዮል በደማቸው ካለው በልጦ ተገኝቷል። «የሴት ሆርሞን» የሚለው ስም ብዙ ሰው አሳስቷል።

ሥራውን ለመረዳት ነርቭ ሴሎች የሚገናኙበትን ቦታ፣ ሲናፕሱን፣ ቀርቦ ማየት ይጠቅማል። መልእክት ተቀባዩ ቅርንጫፍ በጥቃቅን ጉጦች የተሸፈነ ነው፤ አብዛኛው ቀስቃሽ መልእክት የሚገባው በእነሱ በኩል ነው። ኢስትራዲዮል ጉጦቹ እንዲበዙና ግንኙነቱ እንዲጠነክር ያደርጋል። በሴት አይጦች ሂፖካምፐስ ውስጥ የጉጦቹ ብዛት ከአራት እስከ አምስት ቀን በሚፈጀው የመራቢያ ዑደት ውስጥ ብቻ በ30 በመቶ ገደማ ከፍ ዝቅ ሲል ታይቷል። አሮማቴዝ ደግሞ መልእክት በሚልከው የነርቭ ጫፍ ላይ ጭምር ይገኛል። ስለዚህ ኢስትራዲዮሉ በደም ዞሮ እስኪመጣ መጠበቅ የለም፤ በተፈለገበት ቦታ ይሠራል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ምርቱ ሊገታ ይችላል። ኢስትራዲዮል ወደ ሂፖካምፐስ ሲገባ ለትውስታ የሚያስፈልገው ኢ-አር-ኬ የተባለ ፕሮቲን በ5 ደቂቃ ውስጥ ሲነቃ ተመዝግቧል።

ጥያቄ፦ ውጤቱ ከደም ከሚመጣው ሳይሆን ከአንጎሉ ኢስትሮጅን እንደሆነ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ አንዱ መንገድ እንቁልጢን ማውጣት፣ ከዚያ የአንጎሉን ምርት ብቻ ማገድ ነው። አይጧ ሁለት አንድ ዓይነት ዕቃዎች ያሉበት ሳጥን ውስጥ ትገባለች፤ በድምሩ 30 ሰከንድ እስክታሸታቸውና እስክትመረምራቸው ትቆያለች። እንደወጣች አሮማቴዝን የሚያግደው ሌትሮዞል ሂፖካምፐሷ ውስጥ ይገባል። በማግስቱ አንዱ ዕቃ ቦታው ተቀይሮ ይጠብቃታል። የትናንቱን የምታስታውስ አይጥ ወደተዘዋወረው ታዘነብላለች፤ ሌትሮዞል የተሰጣት ግን ለሁለቱም እኩል ጊዜ ትሰጣለች። ከስልጠናው በኋላ በሂፖካምፐስ ውስጥ ኢስትራዲዮል ከፍ ማለቱም ተለክቷል።

ፈተናው ቀላል ቢመስልም በቀላሉ ይበላሻል። ዕቃዎቹ ካልተጸዱ አይጧ በትውስታ ሳይሆን በማሽተት ትመራለች። ከመጀመሪያውም አንዱን ዕቃ የምትመርጥ ከሆነ ውጤቱ ዋጋ የለውም። ሰዓቱም ወሳኝ ነው፦ ከስልጠና በኋላ ወዲያው የተሰጠ ኢስትራዲዮል ትውስታን ያጠነክራል፤ ከ3 ሰዓት በኋላ የተሰጠው ግን ምንም አይጨምርም፣ ትውስታው የሚጸናበት ጊዜ አልፏልና።

ሌላው፣ በእኛ ግምት ጠንካራው ማስረጃ በ2019 የወጣው ነው። በፊተኛው አንጎል ነርቭ ሴሎች ውስጥ ብቻ የአሮማቴዝ ዘር (ጂን) የጠፋባቸው አይጦች ተዘጋጁ። የዚያ ክፍል ኢስትራዲዮል ከ70 እስከ 80 በመቶ ቀነሰ፤ የጉጦቹ ብዛትም የትውስታ ውጤታቸውም ወረደ፣ በሴትም በወንድም። ኢስትራዲዮል ሲመለስላቸው ጉድለቱ ተስተካከለ።

ጥያቄ፦ 58 ዓመቴ ነው። ከጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ ሌትሮዞል 2.5 ሚሊግራም በየቀኑ እወስዳለሁ። መርሳት አብዝቻለሁ። መድኃኒቱ የአንጎሌን ኢስትሮጅን እያቆመው ከሆነ ልተወው?

መልስ፦ በራስዎ አይተዉት። መድኃኒቱ የታዘዘልዎ ካንሰሩ እንዳይመለስ ነው፤ ይህ ጥቅሙ በብዙ ሺህ ሴቶች ላይ የተረጋገጠ ነው። አይጦቹ ላይ የታየው ደግሞ መድኃኒቱ በቀጥታ አንጎል ውስጥ ሲገባ ወይም ዘሩ ሲጠፋ ነው። በሴቶች ላይ የተደረጉት ጥናቶች ወጥ አይደሉም፦ እንደ ሌትሮዞል አሮማቴዝን የሚያግደውን አናስትሮዞልን ከባዶ ክኒን ጋር ያነጻጸረ ጥናት በማስታወስ ችሎታ ላይ ልዩነት አላገኘም፤ ሌሎች ደግሞ መጠነኛ ቅሬታ መዝግበዋል። የእርስዎ መርሳት ከመድኃኒቱ ላይሆን ይችላል፤ ከሆነም ሊረዳዎ የሚችል ሐኪምዎ ነው።

ወደ ሐኪም ከመሄድዎ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ይመዝግቡ፦ ምን እንደረሱ፣ በስንት ሰዓት፣ ያን ሌሊት ስንት ሰዓት እንደተኙ፣ ላብ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ቀስቅሶዎት እንደነበር። ይህ መድኃኒት መገጣጠሚያን ማሳመሙ የተለመደ ነው፤ በሕመም የተቆራረጠ እንቅልፍ ደግሞ ብቻውን ያስረሳል። የታይሮይድ፣ የቫይታሚን ቢ12 እና የደም ማነስ ምርመራ ይጠይቁ። የሚወስዱትን ሁሉ ዘርዝረው ይያዙ፤ የሽንት ፊኛን የሚያረጋጉ አንዳንድ መድኃኒቶችና እንቅልፍ የሚያመጡ የቆዩ የአለርጂ ክኒኖች ማስታወስን ያደክማሉ። ምክንያቱ ሌትሮዞል መስሎ ከታየ ወደ አናስትሮዞል ወይም ወደ ኤክሴሜስታን መቀየር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙ ይመዝናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። «ለአንጎል» ተብሎ ዲ-ኤች-ኢ-ኤ የሚባል ማሟያ አይውሰዱ። ሰውነት ኢስትሮጅን የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ነውና የሕክምናዎን ዓላማ ይቃረናል።

ጥያቄ፦ ካረጥኩ አራት ዓመት ሆነኝ። የሆርሞን ክኒን ብጀምር ትውስታዬ ይሻሻላል?

መልስ፦ ለዚህ ዓላማ ብለው አይጀምሩት። ሲያርጡ እንቁልጢው ያቆማል እንጂ አንጎል አያቆምም፤ ከአድሬናል ዕጢ የሚመጣውን ጥሬ ዕቃ ይዞ ይቀጥላል። ክኒን ደግሞ መላ ሰውነትን ለሰዓታት ያጥለቀልቃል፤ አንጎል ግን በቦታና በደቂቃ ለክቶ ነው የሚሠራው። 65 ዓመት የሞላቸውና ከዚያ በላይ የሆኑ ሴቶች ኢስትሮጅንና ፕሮጀስቲን (ፕሮጀስተሮን የሚባለውን ሆርሞን የሚመስል መድኃኒት) አንድ ላይ የወሰዱበት፣ በ2003 የወጣው ትልቅ ጥናት የመርሳት በሽታን በእጥፍ ጨምሮ አገኘው፤ በዓመት ከ10,000 ሴቶች 22 የነበረው 45 ሆነ። ማረጥ እንደጀመረ በተወሰደበት ጥናትም ጉዳት ባይታይ፣ የማስታወስ ጥቅምም አልታየም። ድንገተኛ ሙቀትና የሌሊት ላብ ካስቸገረዎ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለዚያ ሕክምናው በደንብ ይሠራል። እንቁልጢያቸው ገና በወጣትነት የወጣ ሴቶችም እንዲሁ ለብቻቸው የሚታዩ ናቸው፤ ተቃራኒ ምክንያት ከሌለ በተፈጥሮ እስከሚያርጡበት ዕድሜ እንዲወስዱ ይመከራል።

ጥያቄ፦ የአንጎሌን ኢስትሮጅን በደም ምርመራ ማወቅ እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም። የደም ምርመራ የሚያሳየው በደም ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። በሕይወት ባለ ሰው ላይ እስካሁን ማየት የተቻለው ኢንዛይሙን ነው፦ አሮማቴዝ ላይ የሚጣበቅ ቮሮዞል የተባለ ንጥረ ነገር በጨረር ምልክት ተደርጎበት ይወጋና በፔት ምስል የት እንደተከማቸ ይታያል። ከሁሉ በልጦ የተገኘው ታላመስ ውስጥ ነው። ይህ ግን የጥናት መሣሪያ ነው፤ ለመርሳት ቅሬታ አይታዘዝም።