ሻጋታ የሸተተ የለውዝ ቅቤን ከገበያ ስለ መሰብሰብ

እህቴ፣ የለውዝ ቅቤ እያዘጋጀሽ ለሰፈር ሱቆችና ለሁለት ሱፐርማርኬቶች እንደምታስረክቢ ጽፈሻል። አንዲት ደንበኛ «ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል» ብላ ስለደወለችልሽ «ሌላ ሰው እስኪናገር ልጠብቅ ወይስ ሁሉንም ልሰብስብ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ በምግብ ማቀነባበሪያ ውስጥ በጥራት ቁጥጥር አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሁለት ጊዜም ምርት ከገበያ አሰብስቤአለሁ። እባክሽ አትጠብቂ።

ዛሬውኑ ማስረከብ አቁሚ። ቤት ያለውን ለይተሽ «አይሸጥም» ብለሽ ጽፈሽበት ቆልፊበት። ከዚያ ለደንበኛዋ መልሰሽ ደውይና ጠርሙሱ ላይ ያለውን የምርት ቀን አስነብቢያት፤ ጠርሙሱን እንዳትጥለውም ለምኛት።

ኦቾሎኒ ላይ የሚያድጉ አንዳንድ ሻጋታዎች አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫሉ። ሻጋታው ይሸታል እንጂ መርዙ ሽታም ቀለምም የለውም። ስለዚህ የሸተተው ሁሉ መርዛማ ነው አይባልም፤ ያልሸተተውንም በአፍንጫ ብቻ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ኦቾሎኒውን በእሳት ስትቆዪው ሻጋታው ይሞታል፣ መርዙ ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ለዓመታት በጥቂት በጥቂቱ ሲበላ ለጉበት ካንሰር ያጋልጣል፤ ሲበዛ ደግሞ በአጭር ጊዜ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2004 በኬንያ ምሥራቃዊ ክፍል በተበከለ በቆሎ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። የለውዝ ቅቤን በብዛት የሚበሉት ሕፃናት መሆናቸውን አንቺም ታውቂዋለሽ።

እኛ ዘንድ የደረሰውን ልንገርሽ። በክረምት የገባ ኦቾሎኒ በደንብ ሳይደርቅ መጋዘን ውስጥ ተደርድሮ ከርሞ ነበር። ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ላክን፤ ነገር ግን ትዕዛዝ ስለተጣደፈብን ውጤቱን ሳንጠብቅ ፈጭተን አስረከብን። ይህ የራሳችን ጥፋት ነበር። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ገና ለሚቀነባበር ኦቾሎኒ የሚፈቅደው ከፍተኛ የአፍላቶክሲን መጠን በአንድ ኪሎግራም 15 ማይክሮግራም ነው፤ የእኛ ውጤት ከዚያ በላይ ሆኖ መጣ። በመጋዘናችን ቢን ካርድ (የገቢና ወጪ መመዝገቢያ ካርድ) ላይ የባች ቁጥሩ፣ ማለትም በአንድ ዙር የተመረተው ምርት መለያ ቁጥር፣ ተመዝግቦ ነበር። አከፋፋያችን ግን ለየሱቁ የሰጠውን «የለውዝ ቅቤ፣ ይህን ያህል ካርቶን» ብሎ ብቻ ነበር የጻፈው። የትኛው ባች የት እንደገባ የሚነግረን ስላጣን፣ አንዱን ባች ለማግኘት የሦስት ሳምንት ምርት በሙሉ ለመሰብሰብ ተገደድን። ጤነኛው ምርት ከተበከለው ጋር አብሮ ተወገደ፤ ሥራው አሥር ቀን ፈጀ። በሌላ ዓመት ሁለተኛው ሲያጋጥመን የማስረከቢያ ደረሰኙ ሁሉ የባች ቁጥር ነበረው፤ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጨረስን።

ወደ ሱቆች ስትደውዪ «ትንሽ ችግር ሳይኖር አይቀርም፣ እስቲ እዩት» አትበይ። የምርቱን ስም፣ የጠርሙሱን መጠንና የተመረተበትን ቀን ለይተሽ ንገሪያቸው። «ከመደርደሪያ አውርዱት፣ የቀረውን ቁጠሩልኝ፣ ነገ ጠዋት ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ፣ ገንዘባችሁንም እመልሳለሁ» በያቸው። ገንዘቡን በግልጽ ተናገሪ። ባለሱቅ ኪሳራው በእሱ ላይ የሚቀር ከመሰለው ዕቃውን ከጠረጴዛ ሥር አድርጎ ቀስ እያለ ይሸጠዋል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ በሰውየው ግን አልፈረድኩበትም፣ ቀድመን ልናረጋግጥለት ይገባን ነበር።

ከዚያ ሂሳብ ያዢ። ካስረከብሽው ላይ የተመለሰውን ስትቀንሺ የሚቀረው በሰው ቤት ያለ ነው። ለዚህኛው በየሱቁ በር ማስታወቂያ ለጥፊ፤ በቴሌግራም የምትሸጪ ከሆነም እዚያ ጻፊ። የጠርሙሱን ፎቶግራፍ አድርጊበት፣ ቀኑ የቱ ጋ እንደተጻፈ አሳዪ፣ «አትብሉት፣ መልሱልኝ» በይ። ምክንያቱን አትሸፋፍኚ። ፈቃድ ለሰጠሽ የምግብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም ራስሽ ቀድመሽ አሳውቂ።

ዝምታ የት እንደሚያደርስ እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2009 በአሜሪካ ታይቷል። ፒነት ኮርፖሬሽን ኦፍ አሜሪካ የተባለው ድርጅት ሳልሞኔላ የተባለ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ እንደተገኘበት እያወቀ የኦቾሎኒ ምርቱን ሸጠ። 714 ሰዎች ታመሙ፣ ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ። ምርቱ በብስኩትና በጣፋጭ ውስጥ ገብቶ ስለነበር በመቶ የሚቆጠሩ ሌሎች ድርጅቶች ከ3,900 በላይ ዓይነት ምርት ከገበያ አነሱ። የድርጅቱ ባለቤት እ.ኤ.አ. በ2015 የ28 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

አሁን ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝን ልንገርሽ፤ የተሰበሰበው ምርት የሚያልፍበት እጅ ነው። «ከደህናው ጋር ቀላቅዪው» የሚልሽ አይጠፋም፤ እንዲህ ያለው ምክር ደህናውንም ያበላሽብሻል። «ለከብት መኖ ልግዛሽ» የሚልም ይመጣል። ላሟ አፍላቶክሲን ያለበት መኖ ስትበላ መርዙ መልኩን ለውጦ በወተቷ ይወጣል፤ ከዚያ የሚጠጣው ያው ልጅ ነው። ሙሉ ጠርሙሱን ወደ ቆሻሻ መጣያም አትላኪ፤ አንስቶ የሚበላ የተራበ ሰው አለ። የማስወገጃውን ቦታና ዘዴ ተቆጣጣሪዎቹን ጠይቂ፤ ጠርሙሶቹን ከፍተሽ ይዘቱን ለምግብ እንዳይሆን አድርጊው፤ ብዛቱንም በቃለ ጉባኤ አስፈርሚ።

ምርመራን በተመለከተ፣ አንድ ጠርሙስ ላቦራቶሪ ልከሽ ንጹሕ ቢባል ብቻውን አያሳርፍሽ። ከአንድ ከረጢት ውስጥ ጥቂት ፍሬዎች አብዛኛውን መርዝ ይዘው ይገኛሉ፤ እነሱ በየትኛው ዙር እንደተፈጩ አይታወቅም። ከተለያዩ ካርቶኖች ውሰጂ፤ የተረፈ ጥሬ ኦቾሎኒ ካለሽም ከከረጢቱ ከላይም ከመሃልም ከታችም አውጥተሽ ላኪ።

ለወደፊቱ፣ ከአንድ ግዢ ኦቾሎኒ በአንድ ቀን ለፈጨሽው አንድ ቁጥር ስጪው፤ ግዢው ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጥ። ክዳን ስለሚቀያየር ቁጥሩ ጠርሙሱ ላይ ይሁን፤ በማስረከቢያ ደረሰኙም ላይ ይግባ። ከየባቹ ሁለት ጠርሙስ የአገልግሎት ጊዜው እስኪያልፍ አስቀምጪ። ደንበኛዋ ቀኑን ስትነግርሽ እዚህ ጻፊልኝ፤ ከዚያው ግዢ ሌላ ምን እንደፈጨሽና ለማን እንደሰጠሽ አብረን እናወጣዋለን።