ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ኦቨን ሳጸዳ ትንፋሽ አጠረኝ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው። ባለፈው ሳምንት ለልጄ ልደት ድፎ ዳቦ ልጋግር ብዬ ኦቨኑን ሳበራው ቤቱ በጭስ ታፈነ። ከገዛነው ጀምሮ በደንብ ጸድቶ አያውቅም። የዶሮውና የሥጋው ቅባት ግድግዳው ላይ ጠቁሮ ደርቋል። በማግስቱ በረኪና ረጨሁበት። አልለቅ ሲለኝ አቸቶ ጨመርኩበት። ብርድ ስለነበር መስኮቱን ዘግቼዋለሁ። ጭንቅላቴን ወደ ውስጥ አስገብቼ ስፈትግ ዓይኔ ተቃጠለ፣ ጉሮሮዬን አነቀኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ። ሮጬ በረንዳ ወጣሁ። አማቴ ወተት አጠጡኝ። ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው። ሳሉ ቀንሷል፤ ሌሊት ሌሊት ግን ይመለስብኛል። ሳንባዬ ተጎድቶ ይሆን? የ7 ዓመቱ ልጄ ደግሞ አስም አለበት። እህቴ ከዱባይ የላከችልኝ የኦቨን ማጽጃ ስፕሬይ አለ፤ ጽሑፉ ዓረብኛ ስለሆነ ፈርቼ አልነካሁትም። እሱን ልጠቀም ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

መልስ

እንኳን ተረፉ፣ እህቴ። ስለ ኦቨኑ ቆይተን እናወራለን። መጀመሪያ ሳንባዎ።

የተነፈሱት ክሎሪን የሚባል ጋዝ ነው። በረኪና ብቻውን ሲሆን ክሎሪኑን ይዞ ይቀመጣል። አቸቶ፣ ሎሚ ወይም የሽንት ቤት አሲድ ሲነካው ግን ይለቀዋል። ይህ ጋዝ እ.ኤ.አ. በ1915 ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር በተባለ ቦታ የጦር መሣሪያ ሆኖ ወታደሮች ላይ ተለቋል። እርስዎ ኩሽና ውስጥ የተፈጠረው መጠን ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ሥራው ግን ያው ነው። ዓይንን፣ አፍንጫንና የአየር ቧንቧን የሚያርሰው እርጥበት ውስጥ ሲገባ አሲድ ይሆናል። የተቃጠሉት ለዚህ ነው።

የእርስዎን ነገር ያባሰው ደግሞ ቦታው ነው። ክሎሪን ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ይከብዳል። ስለዚህ እንደ እንፋሎት ወደ ላይ አይወጣም፤ ዝቅ ብሎ ይተኛል። ኦቨን ደግሞ ሳጥን ነው። መስኮቱ ዝግ፣ ጭንቅላትዎ ሳጥኑ ውስጥ። ጋዙ የተጠራቀመበት ቦታ ገብተው ነው የተነፈሱት።

አሁን ወደ ፍርሃትዎ ልምጣ። ጥቂት ክሎሪን ለአጭር ጊዜ የተነፈሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይድናል። ክሎሪን ክፉ የሚሆነው በተለይ በመጀመሪያው ቀን ነው። ሰውየው ተሻለኝ ብሎ ከተቀመጠ በኋላ፣ ከሰዓታት ቆይታ በኋላ ሳንባው ውሃ ሊቋጥር ይችላል። እርስዎ ያንን ጊዜ አልፈዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የሌሊቱ ሳል ግን አልወደድኩትም። የተቃጠለ የአየር ቧንቧ አንዳንዴ ቁጡ ሆኖ ይቀራል። ብርድ ሲነካው፣ ጭስ ሲሸተው፣ ጋደም ሲሉ ይኮማተራል። ከዚህ በፊት አስም የማያውቀው ሰው እንኳ ከእንዲህ ያለ አጋጣሚ በኋላ አስም የመሰለ ሕመም ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ይመርመሩ። ሐኪሙ ደረትዎን ያዳምጣል፣ ጣትዎ ላይ በምትደረግ ትንሽ መሣሪያ ኦክስጅንዎን ያያል፣ መሣሪያው ካለም በኃይል አስነፍቶ ትንፋሽዎን ይለካል። ሕመም የለውም፤ ጊዜም አይፈጅም።

ቁጭ ባሉበት ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ደረትዎ ሲር ሲር ካለ፣ ደረትዎን ከወጋዎት ወይም አረፋ ያለው አክታ ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

አደራ የምልዎት ሁለት ነገር አለ። ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን እንዳይጀምሩ። ይህ ቃጠሎ እንጂ ኢንፌክሽን አይደለም። የልጅዎን ፓፍም ሳይመረመሩ አይውሰዱ። ሊያስፈልግዎት ይችላል፤ ግን ለእርስዎ ይታዘዝልዎት፤ የእሱ ደግሞ ሲቸግረው እንዳይጎድልበት።

አማትዎ ወተት ያጠጡዎት ደንግጠው፣ በፍቅር ነው። እግዜር ይስጥልን ይበሏቸው። ወተት ግን የሚሄደው ወደ ሆድ ነው፤ ሳንባ ጋ አይደርስም። የጠቀመዎት በረንዳው ነው። ማንም ሰው እንዲህ ያለ ሽታ ሲያንቀው ማድረግ ያለበት እርስዎ ያደረጉትን ነው፦ ሁሉን ጥሎ መውጣት። ጨርቁን ላንሳ፣ ልክደነው ብሎ መመለስ የለም።

ስለ ስፕሬዩ

ጽሑፉን ማንበብ አያስፈልግዎትም። ቆርቆሮውን አዙረው ሥዕሉን ይፈልጉ። በቀይ መስመር በተከበበ ነጭ አራት ማዕዘን ውስጥ ሁለት ቱቦዎች ጠብታ ሲያፈሱ ይታያሉ። አንዱ ጠብታ ብረት ላይ፣ ሌላው የሰው እጅ ላይ ይወርዳል፤ እጁም ብረቱም ተበልተዋል። ይህ ሥዕል በዓረብኛም በቻይንኛም በተጻፈ ዕቃ ላይ ያው ነው። ካዩት፣ ቆዳና ዓይን የሚበላ ነገር ነው የያዙት። የኦቨን ማጽጃ ሲሆን ብዙ ጊዜ ኮስቲክ ሶዳ ነው።

ኮስቲክ ሶዳ ቅባትን ወደ ሳሙና ስለሚቀይር ኦቨን ያጸዳል። ችግሩ፣ የእኛም ቆዳ ቅባት አለበት። ጣትዎን ነክቶት ሙልጭ ሙልጭ ካለዎት ያ ሙልጭታ የራስዎ ቆዳ ሳሙና ሲሆን ነው። አሲድ ወዲያው ስለሚያቃጥል ሰው ይጮሃል፣ ይታጠባል። ይህኛው መጀመሪያ ላይ ብዙም ላያም ይችላል፤ እስኪሰማ ድረስ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

አንዲት ወጣት አልረሳትም። የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች። የኦቨኑን ጣሪያ ስትረጭ ጠብታው ቀኝ ዓይኗ ላይ ወረደ። ከጎኗ የነበረ ሰው «ሐኪም ሳያየው ውሃ እንዳታስነኪው» አላት። ዓይኗን በነጠላዋ ሸፍና እኔ ዘንድ ስትደርስ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኗታል። ብርሃን ሳበራበት የዓይኗ መስተዋት ጭጋግ እንደያዘው መስኮት ነጥቷል። ያንን ዓይን ሊያተርፈው ይችል የነበረው መድኃኒት ከምትሠራበት ቦታ ሁለት እርምጃ ላይ ነበር። ቧንቧው።

ስለዚህ ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው፣ እዚያው፣ በንጹህ ውሃ ይታጠቡ። የዓይኑን ቆብ በጣት ከፍቶ፣ ውሃውን ከአፍንጫ በኩል ወደ ጆሮ እያፈሰሱ፣ ሳያቋርጡ ግማሽ ሰዓት። ቧንቧ ከሌለ በጆግ። ከዚያ ነው ወደ ሐኪም የሚኬደው። «ማርከሻ» ተብሎ ሎሚም ሆነ አቸቶ አይጨመርም። ቆዳ ላይ ከሆነ የነካውን ልብስ አውልቆ በብዙ ውሃ ነው።

ሌላ የሚያስፈራኝ ነገር የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ለቱቦ መክፈቻ የተገዛ ኮስቲክ ሶዳ ተበጥብጦ በውሃ ላስቲክ ይቀመጣል። ልጅ ውሃ መስሎት ይጎነጫል። አንድ ጉንጭ ብቻ ጉሮሮውን አቃጥሎ፣ ጠባሳው ምግብ መውረጃውን ያጠበዋል፤ ከዚያ በኋላ ያ ልጅ እንጀራ መዋጥ ይቸግረዋል። እንዲህ ከሆነ በፍጹም አታስመልሱት። ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስም ያቃጥላል። አፉን በውሃ አጉመጥምጡት፣ ዕቃውን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

እርስዎ ቤት አስም ያለበት ልጅ ስላለ መልሴ አጭር ነው፦ ስፕሬዩን አይጠቀሙ። በኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ጥናት ከ6,000 በላይ አውሮፓውያንን ለ20 ዓመት ተከታትሏል። ቤታቸውን የሚያጸዱትም ሆኑ በጽዳት ሥራ የሚተዳደሩት ሴቶች፣ ከማያጸዱት ይልቅ የሳንባቸው አቅም ፈጥኖ ቀንሷል። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ ዱባይ፣ ቤይሩትና ሪያድ ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ናቸው። ለእህትዎ ይህን ንገሩልኝ፦ እዚያ ስፕሬዩን መጠቀም ግዴታ ከሆነባት ረጅም ጓንትና መነጽር ታድርግ፣ መስኮት ትክፈት፣ ወደ ላይ አትርጭ። ጣሪያውን በስፖንጅ ቀብታ ታጽዳው። ከበረኪናም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅለው።

ታዲያ በምን ይጽዳ?

በቤኪንግ ሶዳ። ልብ ይበሉ፣ ቤኪንግ ፓውደር አይደለም። ፓውደሩ ሶዳ ላይ አሲድና ስታርች የተጨመረበት ነው፤ ለኬክ ጥሩ ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን አቅም የለውም። ሱቅ ሲሄዱ ስሙን ያንብቡ፤ ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው።

ማታ፣ ኦቨኑ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ሶኬቱን ይንቀሉ። ፍርግርጉንና ትሪውን አውጥተው ሳፋ ውስጥ በሙቅ ውሃና በላርጎ ይዘፍዝፉ። አንድ የሻይ ብርጭቆ ሶዳ በጥቂት ውሃ ይለውሱ፤ ወፈር ያለ ሽሮ ሲመስል በቂ ነው። ጓንት አድርገው ግድግዳውን፣ ወለሉንና የበሩን መስተዋት ይቀቡት። የሚግለውን ሽቦ አይንኩ። የአልሙኒየም ትሪ ካለዎት ሶዳው ሊያጠቁረው ስለሚችል ለሱ ላርጎ ብቻ ይበቃል። ከዚያ በሩን ዘግተው ይተኙ።

ሥራውን የሚሠራው ሌሊቱ ነው። ጠዋት ሲከፍቱ ነጩ ልውስ ቡናማ ሆኖ ያገኙታል። በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። የደረቀውን በእንጨት ማማሰያ ወይም በአሮጌ የባንክ ካርድ ይፋቁ። በቢላዋና በሽቦ አይፈትጉ፤ ሽፋኑ ከተጫረ ቅባት የባሰ ይይዛል። ነጭ ዱቄት የሚቀር ከሆነ ያን ጊዜ አቸቶን በውሃ አቅጥነው በጨርቅ ይለፉበት። ሶዳና አቸቶ ሲገናኙ አረፋ ይነሣል። ይህ እንደ በረኪናው አይደለም፤ ክፉ ጋዝ የለውም፣ አምቦ ውሃ ውስጥ ያለው ጋዝ ነው። ግን ሁለቱን ከመጀመሪያው ቢቀላቅሏቸው አንዱ የሌላውን አቅም ያጠፋል፤ የሚቀርዎት ጨዋማ ውሃ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የእርስዎ ኦቨን በረኪና ነክቶታል። ስለዚህ ከዚህ ሁሉ በፊት መስኮቱንም በሩንም ከፍተው፣ ልጁን ከቤት አስወጥተው፣ በብዙ ውሃና በእርጥብ ጨርቅ ደጋግመው ይጥረጉት። እንዲያውም ሳሉ እስኪለቅዎት ሌላ ሰው ቢሠራልዎት እመርጣለሁ። የበረኪናው ሽታ ጨርሶ እስኪጠፋ አቸቶ አይቅረበው። ሁሉም ካለቀ በኋላ ባዶውን ኦቨን 20 ደቂቃ ያሙቁት፤ ያኔም መስኮቱ ክፍት፣ ልጁ ውጭ። የአሮጌ ቅባት ጭስ አክሮሊን የሚባል የሚያቃጥል ነገር አለው። ዓይንን ያስለቅሳል፣ አስም ያለበትን ልጅ ያስነሣበታል።

ሁሉም ጥቁር ነገር ካልለቀቀም አይጨነቁ። ብዙ ሰው «ካንሰር ያመጣል ወይ?» ይለኛል። ግድግዳ ላይ የቀረ ጥላሸት ምግብዎን እስካልነካ ድረስ ለዚህ አያሰጋዎትም። ይልቅ ዳቦው ራሱ፣ ሥጋው ራሱ እንዳያርር ይጠንቀቁ። ጀርምም አይኖርም፤ 200 ዲግሪ በሚሞቅ ሳጥን ውስጥ የሚተርፍ ባክቴሪያ የለም። ማጽዳት ያለብዎት የሚጨሰውንና እሳት ሊይዝ የሚችለውን ወፍራም ቅባት ነው። እሳት ከተነሣ ደግሞ ኦቨኑን ያጥፉ፣ በሩን አይክፈቱ፣ ውሃ አይድፉ። አየር ሲያጣ ብቻውን ይጠፋል። ካልጠፋ ቤተሰቡን ይዘው ይውጡና አዲስ አበባ ላይ 939 ይደውሉ።

የጋዝ ኦቨን ላላችሁ አንባቢዎች ደግሞ፦ ከማጽዳታችሁ በፊት ሲሊንደሩን ዝጉ። ቀዳዳዎቹ በቅባት ከተደፈኑ እሳቱ ሰማያዊነቱን ትቶ ቢጫ ይሆናል፣ ድስት ያጠቁራል። ያኔ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ሊወጣ ይችላል፤ ዝግ ቤት ውስጥ በከሰል ጭስ ሰው የሚገድለው እሱ ነው፤ ሽታ የለውም። ኩሽና ስትገቡ ራሳችሁን የሚያማችሁ፣ ስትወጡ የሚተዋችሁ ከሆነ ጋዙን ዘግታችሁ ባለሙያ ጥሩ።

እህቴ፣ ለምርመራ ሲሄዱ የበረኪናውንና የአቸቶውን ጠርሙስ በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ይውሰዱ። ስንት ደቂቃ ያህል እንደተነፈሱና ሳሉ በሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚቀሰቅስዎት ለሐኪሙ ይንገሩት። «ጉንፋን ነው» ብሎ እንዳያሳልፈው፣ ክሎሪን መተንፈስዎን ገና ሲቀመጡ ይንገሩት።