ዳንቴል ይጠለፋል ወይስ ይቋጠራል?

ጥያቄ፦ ታቲንግ የሚባል የእጅ ሥራ እየተማርኩ ነው። ክር በተጠቀለለበት ትንሽ መወርወሪያ እየቋጠሩ የሚሠራ ጌጥ ነው። እናቴ ግን «ዳንቴል በኪሮሽ ብቻ ነው» ትላለች። ምን ልበለው? «እጠልፋለሁ» ብልስ ያስኬዳል?

መልስ፦ ዳንቴል ሊሉት ይችላሉ። ቃሉ የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው፤ በዚያ ቋንቋ በየትኛውም መሣሪያ ቢሠራ ባለቀዳዳው የክር ጌጥ ሁሉ ዳንቴል ነው። እኛ ዘንድ የሶፋና የጠረጴዛ ልብሱ በኪሮሽ ስለሚሠራ የቃሉ ትርጉም ጠበበ እንጂ፣ እናትዎም አልተሳሳቱም።

«እጠልፋለሁ» የሚለውን ግን አልደግፍም። ጥልፍ ጨርቅ ይፈልጋል። ኪሮሽም ክሩን በመንጠቆው ስለሚስብ «ጠለፈ» ቢባልለት አይከፋም። ታቲንግ ግን ቋጠሮ ብቻ ነው። ክሩ በግራ እጅ ጣቶች ላይ ይዞራል፤ መወርወሪያው በላዩና በሥሩ ያልፋል፤ ሁለት ግማሽ ቋጠሮ አንድ ሙሉ ይሆናል። ጀማሪን የሚያስጨንቀው ቦታ እዚህ ነው፦ የመወርወሪያው ክር ሲወጠር፣ የጣቶቹም ክር ላላ ሲል፣ ቋጠሮው ከመወርወሪያው ክር ወደ ጣቶቹ ክር መሻገር አለበት። ካልተሻገረ ከቋጠሮዎቹ የሚሠራው ቀለበት ክሩ ቢጎተት አይዘጋም።

ታሪኩም ይህንኑ ይደግፋል። በ18ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ እመቤቶች በመወርወሪያ ክር ላይ ቋጠሮ እየደረደሩ ጨርቅ ላይ ይሰፉት ነበር። ጆሹዋ ሬይኖልድስ የሳላት የአልቤማርል ባላባት እመቤት መወርወሪያዋን እንደያዘች ትታያለች፤ ሥዕሉም በለንደን ብሔራዊ የሥዕል ማዕከል ይገኛል። ታቲንግ ራሱን ችሎ የወጣው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። መጀመሪያ ቀለበቶቹ ለየብቻ ተሠርተው በመርፌ ይያያዙ ነበር። የእጅ ሥራ መጻሕፍት ደራሲዋ ሪዬጎ ደ ላ ብራንሻርዲዬር እ.ኤ.አ. በ1850 የታቲንግ መጽሐፍ ባሳተመችበት ዘመን ግን ፒኮ በምትባለው የክር ጆሮ ማጋጠም ተለመደ፤ ሥራው እውነተኛ ዳንቴል የሆነው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

ስሙን በተመለከተ «የመወርወሪያ ዳንቴል» እላለሁ። ቱርኮችም ጀርመኖችም ከዚሁ መሣሪያ ነው የሰየሙት። «አይወረወርም እኮ!» የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን የሸማኔው መወርወሪያ ማጉን እንደሚሸከም ይኸኛውም ክሩን ይሸከማል፤ ለስሙ ይህ ይበቃዋል። ስለዚህ «የመወርወሪያ ዳንቴል እቋጥራለሁ» ይበሉ። «እቋጫለሁ» ግን አይበሉ፤ መቋጨት የነጠላና የጋቢ ዘርፍ ሥራ ነው።