ወንዝ፣ ደንና ሕግ፦ የጠየቃችሁኝና መልሴ

ከቀበና፣ ከአራት ኪሎና ከፒያሳ የደረሱኝን ጥያቄዎች አሰባስቤ እነሆ።

«የቀበና ወንዝ የማን ነው?»
የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን የግል አያደርግም። ግቢዎ ከወንዙ ጋር ቢዋሰንም ወንዙ የግቢዎ አካል አይደለም።

«ሰፈራችን ያለ ጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ወንዝ ውስጥ ይደፋል። እኔን በቀጥታ አልጎዳኝም። መክሰስ እችላለሁ?»
ትችያለሽ እህቴ! ይህን ብዙ ሰው ስለማያውቅ ዘርዘር ላድርገው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው ጉዳት ደረሰብኝ ሳይል አቤት እንዲል ይፈቅዳል። መጀመሪያ ለከተማው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ታመለክቻለሽ። በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካሽ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችያለሽ። ስለዚህ በቃል ብቻ ተናግረሽ እንዳትመለሺ። ጽፈሽ አስገቢ፣ ቅጂሽ ላይም ቀን አስጽፊ። ያ ቀን ከሌለ 30ው ቀን ከመቼ ይቆጠራል?

«ታዲያ ሕግ እያለ ወንዙ ለምን ይሸታል?»
ቅጣት ብቻውን ስለማይበቃ ነው። የፍሳሽ መስመር ያልደረሰው ቤት ሽንት ቤቱን ወደ ወንዝ ይለቃል። እዚያ የሚያስፈልገው ቱቦ ነው።

«በሌላው ዓለምስ?»
አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1964 የዱር ቦታዎችን፣ በ1968 ደግሞ ወንዞችን የሚጠብቅ ሕግ አወጣች። የሁለተኛውን አሠራር እወደዋለሁ። ወንዙ በስሙ ተጠርቶ ይመዘገባል፣ ዳርቻው ይከለላል፣ በዚያ ክልል አዲስ የኃይል ግድብ ፈቃድ አያገኝም።

«እኛ ጋ ወሰን ማካለል ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?»
ያመጣል ባይ ነኝ። የባሌ ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1970 ቢመሠረትም ወሰኑ በሕግ የጸናው በ2014 ነው። ዋቤ ሸበሌና ገናሌ ከዚያ ከፍታ ውሃ ይቀበላሉ። ወሰን በሕግ ካልጸና «እዚህ ድረስ ፓርክ ነው» ብሎ ፍርድ ቤት መከራከር ይከብዳል። ለቀበናና ለግንፍሌም የምመኘው ይህንኑ ነው፦ ዳርቻው ካርታ ላይ ይስፈር፣ ካርታውን ነዋሪው ይየው።

«ቀበና ላይ የተጣለ ነገር የት ይደርሳል?»
ወደ ትልቁ አቃቂ፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይገባም፣ አፋር ውስጥ ይቀራል። የጣልነው ሁሉ እዚሁ አገራችን ውስጥ፣ ከብት በሚጠጣውና አትክልት በሚለማበት ውሃ ላይ ነው የሚያርፈው።

«ማመልከቻው ላይ ምን ልጻፍ?»
ቦታውን፣ ቀኑን፣ ምን እንደተደፋ፣ ማን እንደደፋ። ፎቶ ካለ አያይዙ። «እንዲቆም ይታዘዝልኝ» በሉና አንቀጽ 11ን ጥቀሱ።