ሌባ የደበደበው ጥበቃ ካሣውን ከማን ይጠይቅ?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ፣ ቃሊቲ አካባቢ የአንድ መጋዘን የሌሊት ጥበቃ ነኝ። የቀጠረኝ የጥበቃ ኤጀንሲ ነው። የዛሬ አምስት ወር ፈረቃዬ ላይ እያለሁ ሌቦች አጥር ዘለው ገቡ። በፌሮ ደብድበው ግራ እጄን ሰበሩኝ። ሁለት ጣቶቼ እስካሁን አይታጠፉም። ኤጀንሲው የመጀመሪያውን የሆስፒታል ሒሳብ ከፈለ። ከዚያ «ሲክ ሊቭ ነህ» ብሎ የአንድ ወር ሙሉ፣ የሁለት ወር ግማሽ ደመወዝ ሰጠኝና አቆመ። ስጠይቅ «የመታህ ሌባ ነው፤ ሲያዝ እሱን ክሰስ» ይሉኛል። የመጋዘኑ ባለቤት ደግሞ «የእኔ ሠራተኛ አይደለህም» አለኝ። የአጥሩ መብራት እንደማይሠራ ብዙ ጊዜ ተናግሬ ነበር። ደመወዜ 4,000 ብር ነው። ማንን ልጠይቅ?

መልስ፦ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ይማርዎት። ከጻፉልኝ ሁሉ ያናደደኝ «ሲያዝ እሱን ክሰስ» የሚለው ነው። ብዙ ሠራተኛ ይህን ሰምቶ ተስፋ ቆርጦ ቤቱ ይቀመጣል። ሌባው ላይያዝ ይችላል። ቢያዝም ኪሱ ባዶ ሊሆን ይችላል። የእርስዎ መብት ግን ሌባው እስኪያዝ አይጠብቅም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 97 የሥራ ላይ አደጋ ምን እንደሆነ ይዘረዝራል። ሠራተኛው ሥራውን እያከናወነ ሳለ ሦስተኛ ሰው ያደረሰበት ጉዳትም እዚያ ውስጥ ገብቷል። ሌባ ሦስተኛ ሰው ነው። እርስዎም በዚያ ሌሊት ለሌላ ጉዳይ አልነበሩም፤ ንብረት እየጠበቁ ነበር። ደብዳቢው በግል ጠብ ፈልጎዎት የመጣ ሰው ቢሆን ኖሮ ክርክር ይነሳ ነበር። መጋዘን ሊዘርፍ የመጣ ሌባ ላይ ግን ብዙ የሚያከራክር ነገር አይታየኝም።

አንቀጽ 96 ደግሞ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው ይላል። ስለዚህ ኤጀንሲው «እኔ ምን አጠፋሁ?» ብሎ አያመልጥም። ማምለጫው ጠባብ ነው፦ ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ፣ ወይም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ ከገባ ነው። በጥበቃ ጉዳዮች «ጠጥቶ ነበር» የሚል ክስ ድንገት ብቅ ማለቱ የተለመደ ነው። የዚያን ሌሊት የሆስፒታል ካርድዎን ኮፒ አሁኑኑ ያውጡ። ሐኪሙ ያኔ ያየውን የጻፈበት ወረቀት ከማንም ወሬ ይበልጣል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ የተበደሉት እዚህ ላይ ነው። ኤጀንሲው «ሲክ ሊቭ» ያለው የሕመም ፈቃድ ከሥራ ጋር ላልተያያዘ ሕመም የተሰጠ ነው። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ኤጀንሲው የሰጠዎት ልክ ይህንን ነው። ሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ የሚከፈለው ግን በአንቀጽ 108 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሦስት ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ስድስት ወራት ቢያንስ 50 በመቶ። ክፍያው ሐኪም «ድኗል፣ ይሥራ» ካለ፣ የዘላቂ ጉዳት ክፍያ ከተጀመረ ወይም ዓመቱ ከሞላ ያኔ ይቆማል።

በእርስዎ ደመወዝ እናስላው። በአምስት ወር ውስጥ የተቀበሉት 4,000 ሲደመር ሁለት ጊዜ 2,000፣ በድምሩ 8,000 ብር ነው። ማግኘት የነበረብዎት ግን የሦስት ወር 12,000 እና የሁለት ወር 6,000፣ በድምሩ 18,000 ብር ነው። «ሲክ ሊቭ» የምትለዋ ቃል እስካሁን 10,000 ብር አስቀርታብዎታለች። ከዚህ በኋላ የሕመም ፈቃድ የሚል ቅጽ ቢያመጡልዎት አይፈርሙ። የሥራ መልቀቂያ ወይም «ሒሳቤን ጨርሻለሁ» የሚል ወረቀትም እንዲሁ።

የሕክምናው ወጪም በመጀመሪያው ቀን አያልቅም። አጠቃላይና ልዩ ሕክምና፣ ቀዶ ጥገና፣ መድኃኒት፣ አስፈላጊ ከሆነ ሰው ሠራሽ አካል ሁሉ በአሠሪው ነው። ከኪስዎ ያወጡት ካለ ደረሰኞቹን ይሰብስቡ።

ስለ ጣቶችዎ፦ የማይታጠፉ ሆነው ከቀሩ ዘላቂ የአካል ጉዳት ነው። መጠኑን በመቶኛ የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው። ኤጀንሲው ወደ ቦርድ እንዲልክዎ በጽሑፍ ይጠይቁ። ከዚያ ፔይስሊፕዎን ይዩ። የጡረታ 7 በመቶ ከተቆረጠብዎት የዘላቂ ጉዳቱ ክፍያ በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ በኩል ይታያል። በጡረታ ካልተሸፈኑ ከፋዩ አሠሪው ራሱ ነው። ሙሉ በሙሉ መሥራት ለማይችል ሰው የአምስት ዓመት ደመወዝ ሲሆን በከፊል ለተጎዳ በመቶኛው ልክ ይቀነሳል። ለምሳሌ ቦርዱ 20 በመቶ ቢልዎት የአምስት ዓመት ደመወዝዎ 240,000 ስለሆነ ድርሻዎ 48,000 ብር ይሆናል።

የመጋዘኑ ባለቤት በአንድ በኩል እውነት አለው። በሥራ ሕጉ አሠሪዎ ውል የተዋዋለዎትና ደመወዝ የሚከፍልዎት ኤጀንሲው ነው። ነገር ግን መብራቱን ችላ ያለው ባለቤቱ ከሆነ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2028 መሠረት በጥፋቱ ሊጠየቅ ይችላል። ኤጀንሲውም እያወቀ ዝም ካለ ከላይ ከዘረዘርኩት በተጨማሪ በጥፋት ላይ የተመሠረተ ካሣ ይጠየቃል። እዚህ ላይ ግን የማስረዳት ሸክሙ የእርስዎ ነው። በፈረቃ መረካከቢያ መዝገቡ ላይ «መብራት አይሠራም» ብለው ጽፈው ያውቃሉ? ከጻፉ ያንን ገጽ ቀኑና ፊርማው እንዲታይ አድርገው ዛሬውኑ በሞባይል ፎቶ ያንሱ። መዝገብ ይጠፋል፣ ገጽም ይቀደዳል። በቃል ብቻ ከሆነ የተናገሩት፣ አብሮዎት ይረካከብ የነበረው ጓደኛዎ ምስክር ይሁንዎ።

ሌባውንም አይተዉት። ፖሊስ ጣቢያ ሄደው የምርመራ መዝገቡን ቁጥር ይያዙ። ተይዞ ክስ ሲመሠረት የጉዳት ካሣ ጥያቄዎ ከወንጀል ክሱ ጋር አብሮ እንዲታይ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 ይፈቅድልዎታል። ዐቃቤ ሕጉን ያነጋግሩ። ከአሠሪው የሚጠይቁት ግን ይህን አይጠብቅም።

የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ ክስ በመርህ ደረጃ በአንድ ዓመት ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው ካለፈ መጠየቅ አይቻልም። የደመወዝና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ ግን በስድስት ወር ይታገዳል፤ አሠሪዎች ይህን አጭሩን ይዘው እንደሚከራከሩ ይወቁ። እርስዎ አምስት ወር አልፎዎታል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ለኤጀንሲው ደብዳቤ ጽፈው ግልባጩ ላይ ማኅተም ያስመቱ። መልስ ቢሰጡም ባይሰጡም ስድስተኛው ወር ሳይሞላ በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ክስዎን ያስገቡ። ሠራተኛ ለዚህ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ጠበቃ የማቆም አቅም ከሌለዎት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣልና የቅጥር ውልዎን፣ ፔይስሊፕዎን፣ የሆስፒታል ካርድዎን፣ ደረሰኞችዎንና የመዝገቡን ፎቶ ይዘው ይሂዱ።