«ኖ ካሪየር» ሲልሽ ምን እያለሽ ነው?

ሰላም እህቴ፣

ከፖሊ ቴክኒክ በኤሌክትሮኒክስ ደረጃ 4 ጨርሰሻል፤ ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ ደግሞ ለጥገና ክፍሉ የተግባር ፈተና ጠርቶሻል። ከፈተናው ዝርዝር ውስጥ «ሞደም (ዳታ በስልክ ወይም በሲም መስመር የሚያስተላልፍ መሣሪያ) በኤቲ ትዕዛዝ ማሠራት» የሚል አይተሽ፣ «ዳያል አፕ (በስልክ መስመር ደውሎ መገናኘት) እኮ ሞቷል፤ ጊዜዬን ለፒኤልሲ (የፋብሪካ ማሽን መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር) ብሰጠው አይሻልም ወይ?» ብለሻል።

ስለ ዳያል አፕ እውነትሽን ነው። ሄይስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1981 እ.ኤ.አ. ስማርትሞደም ከተባለው ሞደሙ ጋር ያመጣው የትዕዛዝ አጻጻፍ ግን ዛሬ ሲም ካርድ በሚገባበት ሞደም ውስጥም ይሠራል። ጄኔሬተር ሲቆም ወይም ታንከር ሲጎድል ለጥገና ሠራተኛው ኤስኤምኤስ የሚልክ ሞደም ከፒኤልሲው ጋር በሲሪያል ገመድ የሚነጋገረው ብዙ ጊዜ በዚሁ ነው። ስለዚህ ከፒኤልሲው አልራቅሽም።

«ኤቲ» ሞደሙን «ስማኝ» እንደማለት ነው። እዚህ እንደሚነበበው ጻፍኩት እንጂ የምትመቺው በላቲን ፊደል ነው። ፑቲ የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ከፍተሽ ፍጥነቱን 9600፣ 8 ዳታ ቢት፣ ያለ ፓሪቲ፣ 1 ስቶፕ ቢት አድርጊ። ያገናኘሽው በሦስት ሽቦ ብቻ ከሆነ ፍሎው ኮንትሮሉን (ከመላኩ በፊት ፈቃድ የሚያስጠብቀውን ቅንብር) አጥፊ፤ አለዚያ ኮምፒውተሩ የማይመጣ ፈቃድ ሲጠብቅ ይውላል። ኤቲ ብለሽ ኢንተር ስትጫኚ «ኦኬ» ካለ መንገዱ ክፍት ነው። ዝም ካለ መላኪያውና መቀበያው ሽቦ መሻገራቸውን እይ። የማይነበብ ምልክት ከደረደረ ፍጥነቱ አልገጠመም። የጻፍሽው ሳይታይ «ኦኬ» ብቻ ከመጣ ኤኮው ጠፍቷል፤ ኤቲኢ1 ይመልሰዋል። እኔ ፈታኝ ብሆን ፍጥነቱን አዛብቼ ነው የማስቀምጥልሽ።

አሮጌው የስልክ መስመር ሞደም ከቀረበልሽ መጀመሪያ በኤቲ&ኤፍ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ መልሺው፤ ቀጥሎ ኤቲዲቲ ብለሽ ቁጥሩን ጻፊ። ከቢሮ ውስጥ ወደ ውጭ ለመደወል 9 የሚያስፈልግ ከሆነ ከ9ኙ በኋላ ኮማ አድርጊ፤ ኮማው በተለመደው ቅንብር 2 ሰከንድ ያስጠብቃል። ከዚህ በኋላ ሥራሽ መልሱን ማንበብ ነው። «ኖ ዳያልቶን» (የመደወያ ድምፅ የለም) ካለ ጥፋቱ ከሞደሙ እስከ ግድግዳው፣ ወይም ራሱ መስመሩ ላይ ነው። «ቢዚ» ካለ ያንቺ ወገን ደህና ነው፣ ወዲያኛው ተይዟል። «ኖ ካሪየር» ግን ደውሎ ሁለቱ ሞደሞች ሳይግባቡ የመጠበቂያው ጊዜ አለቀ፣ ወይም የነበረው ግንኙነት ተቋረጠ ማለት ነው፤ ገመድ መነካካት እዚህ ላይ ጊዜ ማባከን ነው።

ከተገናኘ በኋላ ትዕዛዝ ለመስጠት ሦስት የመደመር ምልክት ይጻፋል። ከፊቱም ከኋላውም አንድ አንድ ሰከንድ ዝም ማለት አለብሽ፤ ኢንተርም አይነካም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከዚያ ኤቲኤች መስመሩን ይዘጋል።

የሲም ሞደም ከሆነ ቅደም ተከተሉን አታፋልሺ፦ ኤቲ+ሲፒን? (ስለ ሲሙ ይጠይቃል፤ «ሬዲ» ማለት አለበት)፣ ኤቲ+ሲኤስኪው፣ ኤቲ+ሲሬግ?። ሲኤስኪው የሲግናል ጥንካሬን ከ0 እስከ 31 ይነግርሻል፤ 99 ካለ መለካት አልቻለም። በብረት ሳጥን ውስጥ የተዘጋ አንቴና ቁጥሩን ያወርደዋል። ለሲሬግ 0,1 ወይም 0,5 ካለ ኔትወርክ ይዟል፤ 0,2 ገና እየፈለገ ነው፤ 0,3 ተከልክሏል። መልእክት ለመላክ ኤቲ+ሲኤምጂኤፍ=1 (ወደ ጽሑፍ ሁነታ ይወስደዋል)፣ ቀጥሎ ኤቲ+ሲኤምጂኤስ= ብለሽ ቁጥሩን በጥቅስ ውስጥ ጻፊ። የቀስት ምልክቱ ሲመጣ ጽሑፉን አስገቢና በኮንትሮልና ዜድ ላኪ፤ ኢንተር አዲስ መስመር እንጂ አይልክም። በላቲን 160 ፊደል የሚይዘው አንድ መልእክት በአማርኛ 70 ብቻ ነው።

ቤት ለመለማመድ ሲም800ኤል የሚባለው ትንሽ ሰሌዳ ይበቃል። ኃይሉ ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ነው፤ 5 ቮልት ያበላሸዋል። ሲያስተላልፍ ለቅጽበት እስከ 2 አምፒር ስለሚስብ ደካማ ምንጭ ላይ መሃል ላይ እየጠፋ ይነሳል፤ ሶፍትዌሩን ከመውቀስሽ በፊት ኃይሉን ለኪ።

ሲቪሽ ላይ «ሞደም እችላለሁ» አትበዪ። «በኤቲ ትዕዛዝ የሲም ሞደም ምዝገባና የኤስኤምኤስ ማንቂያ ሞክሬያለሁ» በዪ፤ የላክሽውንና የተመለሰልሽን በአንድ ገጽ አትመሽ ያዢ።