«በሚቀጥለው አውሮፕላን ይመጣል» ብለን ልጁን እንሸንግለው?

ውድ ጠያቂያችን፣

ከደሴ የላኩልኝን ደብዳቤ ለሌሎች አንባቢያን እንዲገባ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ፤ ማንነትዎን ሊያሳውቅ የሚችለውን ትቼ የውሻችሁንም ስም «ነብሮ» ብዬ ለውጬዋለሁ።

ባለቤትዎ የመከላከያ ሠራዊት መኮንን ናቸው። ከተጋባችሁ ወዲህ አብዛኛውን ጊዜ እሳቸው በግዳጅ ላይ፣ እርስዎ ደግሞ ደሴ ላይ እያስተማሩና ሁለት ልጆች እያሳደጉ ኖራችኋል። አሁን ባለቤትዎ ለሦስት ዓመት ጀርመን ተመድበው ቤተሰባቸውን ይዘው እንዲሄዱ ተፈቅዶላቸዋል፤ ጉዞውም በነሐሴ መጨረሻ ነው። የ12 ዓመቱ ልጅዎ ግን «ነብሮ ካልሄደ እኔም አልሄድም» ብሏል። አባቱ «አብሽር፣ በሚቀጥለው አውሮፕላን ይመጣልሃል» ብለው ካረጋጉት በኋላ ለእርስዎ ለብቻዎ «እዚያ ሲደርስ ይረሳዋል፤ ካልሆነም ሌላ እገዛለታለሁ» ብለውዎታል። አማትዎም ይህን ያህል ሰው ባለቀበት አገር ለውሻ ማልቀስ ነውር ነው ብለው ተቆጥተዋል። እርስዎ የሚጠይቁኝ፣ ለቤቱ ሰላም ሲሉ ይህን ውሸት አብረው ይያዙ ወይስ ከባለቤትዎ ጋር ይጋጩ የሚለውን ነው።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር፤ ልጁን አይዋሹት። ውሻው ቢሄድም ቢቀርም ልጅዎ ሐዘኑን ሊወጣው ይችላል። እናትና አባቱ ተማክረው እንዳታለሉት ሲገባው ግን፣ በማያውቀው አገርና ቋንቋውን በማይሰማበት ትምህርት ቤት ውስጥ፣ የሚያምነው ሰው አጥቶ ይቀራል። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ከሁለታችሁ ሌላ የሚደገፍበት የለውም። ደግሞም የ12 ዓመት ልጅ ይረሳል ብሎ ማሰብ አይገባም። «መቼ ነው የሚመጣው?» እያለ በየሳምንቱ ይጠይቃል፤ እናንተም በየሳምንቱ አዲስ ምክንያት መፈለግ ይኖርባችኋል።

ይህን ያህል አጥብቄ የምናገረው ስለ ልጅዎ ከጻፉልኝ ነገር ተነሥቼ ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ልጁ ገና የ8 ዓመት ልጅ ነበር። እርስዎ ታናሽ እህቱን አዝለው፣ እሱን በእጅዎ ይዘው፣ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ደብረ ብርሃን ስትወጡ ነብሮ ግቢው ውስጥ እንደታሰረ ቀረ። ልጁ መንገዱን ሙሉ «ብፈታው ኖሮ፣ ብፈታው ኖሮ» ሲል እንደነበር ጽፈዋል። በታኅሣሥ ስትመለሱ ቤቱ ተዘርፎ፣ በሩ ተገንጥሎ ነበር፤ ነብሮ ግን ገመዱን በጥርሱ በጥሶ፣ ጎድኑ እስኪቆጠር ከስቶ፣ ደፍ ላይ ተኝቶ አገኛችሁት። ባለቤትዎ ያን ጊዜ ግንባር ላይ ስለነበሩ ይህን በዓይናቸው አላዩም። ለእሳቸው ነብሮ የግቢ ጠባቂ ነው፤ ለልጁ ደግሞ አንድ ጊዜ አስሮት ሄዶ፣ በሕይወት ቆይቶ የተቀበለው ፍጥረት ነው። አሁን «ጥለነው እንሂድ» ሲባል የሚሰማው ያን ቀን እንደገና እንዲደግመው እንደታዘዘ ሆኖ ነው።

በደብዳቤዎ ውስጥ ተራርቀው የተቀመጡ፣ እርስዎም ያላያያዟቸው ሁለት ነገሮች አሉ። በአንድ ቦታ ላይ ባለቤትዎ ወደ ግዳጅ ሲሄዱ ልጆቹ እንዳያለቅሱ ተኝተው ሳሉ ሌሊት እንደሚወጡ ገልጸዋል። ወደ መጨረሻው ላይ ደግሞ ሰሞኑን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥተው ልጅዎን በረንዳ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ከነብሮ አጠገብ ተቀምጦ እንዳገኙት፣ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁትም «እንቅልፍ አልመጣልኝም» እንዳለዎት ጽፈዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ልጁ ዘብ እየቆመ ነው። የሚወዱት ሰው እሱ በተኛበት ሌሊት እንደሚጠፋ ከአባቱ አወጣጥ ተምሯል። ባለቤትዎ ይህን ያደረጉት ከርኅራኄ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ልጆቹ ሲያለቅሱ እያየ መውጣት ለማንም አባት ከባድ ነው። ውጤቱ ግን ይህ ሆኗል።

ሰው ሲሞት መርዶ ይነገራል፣ ድንኳን ይጣላል፣ ዘመድና ጎረቤት ለቅሶ ይደርሳል፤ ሐዘኑ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ቁርጡ ያልታወቀ ማጣት ግን እንዲህ ያለ ወግ የለውም። አሜሪካዊቷ የቤተሰብ ጉዳይ ተመራማሪ ፓውሊን ቦስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቬትናም ጦርነት የገቡበት የጠፋ ወታደሮችን ቤተሰቦች ባጠኑ ጊዜ፣ ሞቱም መኖሩም ያልተረጋገጠ ሰው የሚጥለው ሸክም ሐዘኑ እልባት እንዳያገኝ እንደሚያደርግ፣ ቤተሰቡም አልቅሶ ወደ ኑሮው ለመመለስ እንደሚቸገር አሳይተዋል። በወታደር ቤት ያደገ ልጅ ይህን ስሜት ከሌላው ልጅ ቀድሞ ያውቀዋል፤ አባቱ በሕይወት አለ፣ ቤት ውስጥ ግን የለም። «በሚቀጥለው አውሮፕላን ይመጣል» የሚለው ቃል ነብሮንም እንደዚያው ያደርገዋል፤ አልሞተ፣ አልመጣ።

ቁርጡን ለመንገር ግን አስቀድሞ ቁርጡን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የውሻውን የጉዞ ደንብ በጥቂቱ ላብራራ። ኢትዮጵያ የአውሮፓ ኅብረት በእብድ ውሻ በሽታ ረገድ ቀለል ያለ አሠራር ከፈቀደላቸው አገሮች መካከል አይደለችም። ከዚህ የሚሄድ ውሻ በመጀመሪያ ማይክሮቺፕ የሚባል ትንሽ መለያ ቆዳው ሥር ይደረግለታል፤ ቀጥሎ ክትባቱን ይወስዳል። ቺፑ ከክትባቱ በኋላ ከገባ ክትባቱ አይቆጠርም። ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደም ይወሰድና ኅብረቱ እውቅና በሰጠው ላቦራቶሪ ይመረመራል፤ ክትባቱ በደሙ ውስጥ ያስገኘው መከላከያ የሚፈለገውን መጠን ካሟላ ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ 3 ወር መጠበቅ ግዴታ ነው። በመጨረሻም በመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የተፈረመ የጤና ምስክር ወረቀት ይዞ ወረቀቱ በተሰጠ በ10 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ሳያሟላ የደረሰ ውሻ ወደመጣበት ሊመለስ ወይም ተለይቶ ሊቆይ ይችላል፤ ሁለቱም ካልተቻለ ሊገደልም ይችላል። ሰኔ እየተገባደደ ስለሆነ፣ ነገ ብትጀምሩ እንኳ ነብሮ ከጥቅምት መጨረሻ በፊት መግባት አይችልም። በነሐሴ አብሯችሁ አይሄድም ማለት ነው፤ ይህን የወሰነው አባቱ አለመሆኑን ልጁ ማወቁ በራሱ አንድ እፎይታ ነው።

ከዚያ በኋላስ? ውሻው እንደ ቤተሰብ እንስሳ እንዲስተናገድ ባለቤቱ ከሱ ጉዞ በፊት ወይም በኋላ በ5 ቀን ውስጥ መጓዝ ይኖርበታል፤ ስለዚህ ከእናንተ አንዱ ተመልሶ መምጣት ግድ ይሆናል። እርስዎና ልጆቹ እስከዚያ ደሴ ቆይታችሁ ባለቤትዎ ቀድመው ይሂዱ የሚለውን ሐሳብ አልደግፈውም። ስንት ዓመት ተለያይቶ የኖረ ቤተሰብ እንደገና መለያየት የለበትም፤ ልጁም የትምህርቱን መጀመሪያ ማጣት የለበትም። ለገና አንዳችሁ ተመልሳችሁ የምትወስዱት ከሆነ፣ የቲኬቱ ገንዘብና የእረፍቱ ፈቃድ ዛሬ በእጃችሁ መኖሩን ማረጋገጥ አለባችሁ። የወታደር እረፍት እንደሚሰረዝ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም፤ «ምናልባት» የሚባል ተስፋ ለዚህ ልጅ አይሰጥ።

እኔ ወንድምዎ ኮምቦልቻ ላይ እንዲይዙት ወዳቀረቡት ሐሳብ አዘነብላለሁ። ነብሮ ዕድሜው የገፋ፣ በሰፊ ግቢ ውስጥ ያደገ፣ ክፍል ውስጥ አድሮ የማያውቅ ውሻ ነው። በሳጥን ተዘግቶ ሰባት ሰዓት ገደማ በርሮ፣ ከዚያም በአፓርታማ ውስጥ መኖር ለሱ መልካም መሆኑ ያጠራጥረኛል። ይህን ጥያቄ ለልጁ ራሱ ያቅርቡለት። የ12 ዓመት ልጅ «እኔ ምን እፈልጋለሁ?» ከሚለው አልፎ «ለነብሮ የሚሻለው ምንድን ነው?» ብሎ ማሰብ ይችላል፤ እንዲያስብ የጠየቀው ሰው ካለ ማለቴ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ከባለቤትዎ ጋር አማትዎ በሌሉበት፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይነጋገሩ። «አንተ ልጁን አታውቀውም» ብለው አይጀምሩ፤ ይህ እውነት ቢሆንም እንኳ የሚያቆስል ነው። «ያን ጊዜ ከደሴ ስንወጣ የሆነውን በደንብ ነግሬህ አላውቅም፤ ዛሬ ልንገርህ» ይበሉና የገመዱን ነገር ይንገሯቸው። ቀጥለውም ሌሊት ሌሊት ሲወጡ ምን ይሰማቸው እንደነበር ይጠይቋቸው። ሞት እየተመለከቱ የኖሩ ሰዎች ወደ ኋላ አለማየትን ይለምዱታል፤ ያ ልማድ በሕይወት አቆይቷቸው ይሆናል፤ እቤት ሲገባ ግን እንደ ጭካኔ ይቆጠራል። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ካትሊን ሎጋን እ.ኤ.አ. በ1987 ስለ አሜሪካ ባሕር ኃይል ቤተሰቦች በጻፉት ላይ፣ ባል ከግዳጅ ሲመለስ ሚስት ብቻዋን ስትመራው የቆየችውን ቤት ማን ይምራው የሚለው ጥያቄ እንደገና እንደሚነሣና ባልና ሚስት እንደ አዲስ መደራደር እንደሚኖርባቸው አስረድተዋል። እናንተ ዘንድ ያ ድርድር በነብሮ ስም ተጀምሯል። ባለቤትዎ በትእዛዝ የለመዱ ናቸው፤ እርስዎም ለዓመታት ብቻዎን ወስነው የለመዱ ነዎት። ጀርመን ላይ በአንድ ጣሪያ ሥር ስትኖሩ ይህ በገንዘቡም፣ በልጆቹ ትምህርትም ይመጣልና አሁን መጀመሩ አይክፋ።

ከተስማማችሁ በኋላ ለልጁ የሚነግሩት አባቱ ይሁኑ፤ ውሸቱን የጀመሩት እሳቸው ናቸውና። «በሚቀጥለው አውሮፕላን ይመጣል ያልኩህ ትክክል አልነበረም፤ እንዳታዝን ብዬ ነው። ነብሮ ከእኛ ጋር አይሄድም፤ ምክንያቱም ይህ ነው» ማለት ይበቃል። ልጁ ያለቅሳል፣ ምናልባትም ይሳደባል፤ ይተዉት፣ አባቱም ተነሥተው አይውጡ።

ነብሮ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄደው በጉዞው ዋዜማ ሳይሆን በሐምሌ ውስጥ ቢሆንና ልጁ ራሱ ቢወስደው እመርጣለሁ። አጎቱ ቤት ጥቂት ቀን አብሮት ይደር፤ ምን እንደሚበላ፣ ነጎድጓድ ሲፈራ የት እንደሚደበቅ ለአጎቱ ልጆች ያሳያቸው። ክትባቱንም እናንተ አስከትባችሁ አስረክቡ፤ በዚያ ቤት ልጆች አሉና። አንድ ነገር አደራ፤ ልጁ አጎቱን «እንዳታስሩት» ብሎ ቃል እንዲያስገባ ዕድል ይስጡት። ግቢው አጥር የሚያስፈልገው ከሆነ አጥሩን አብረው ይሥሩ። አንድ ጊዜም ተመልሶ ይጎብኘው፤ ሄዶ መመለስ እንደሚቻል በዓይኑ ይይ። ከጀርመን በስልክ በምስል ሊያየው ይችላል። ነብሮ በሦስት ዓመት ውስጥ በእርጅና ቢሞት መርዶው እንደማይደበቅበት ደግሞ ከወዲሁ ይነገረው።

የ5 ዓመቷ ልጅዎ የነብሮን ሳህን ከልብሷ ሥር ሻንጣ ውስጥ መደበቋን ጽፈዋል። አያውጡባት። እሷ ብዙ ማብራሪያ አይገባትም፤ «ነብሮ አጎት ጋ ይኖራል፣ እኛ እዚያ እንኖራለን» የሚለውን ደጋግሞ መስማት ይበቃታል።

አማትዎን ባይከራከሯቸው እመክራለሁ። ጦርነቱ እሳቸውንም ያጎደላቸው ነገር ሳይኖር አይቀርም፤ ቁጣቸው ያልተለቀሰ ሐዘን ይመስለኛል። የስንብቱን ቡና ሲያፈሉና ሲመርቁ ልጆቹ አጠገባቸው ይቀመጡ።

ስለ ራስዎ የጻፉት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «እኔም ሥራዬን ትቼ ልሄድ ነው።» ተማሪዎችዎን፣ ደመወዝዎን፣ ጎረቤትዎን ትተው ነው የሚሄዱት። ይህንንም በዚያው ምሽት ለባለቤትዎ ይንገሯቸው፤ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ማግኘት ይቻል እንደሆነም ከመልቀቅዎ በፊት ትምህርት ቤትዎን ይጠይቁ።

ወደ አዲስ አበባ የምትወጡበትን ሰዓት በተመለከተ መንገዱ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ስለሆነ ሌሊት መነሣት ሊያስመኛችሁ ይችላል። እባካችሁ አታድርጉት። ልጆቹ ነቅተው፣ ቁርስ በልተው፣ ጎረቤት ተሰናብተው በብርሃን ይውጡ፤ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት ማደር ቢያስፈልግም ወጪው አይቆጭም።

የልጁ እንቅልፍ ማጣት ውሳኔው ከተነገረው በኋላም ወር ካለፈ፣ ወይም በድንገተኛ ድምፅ የሚበረግግና ስለዚያ ጥቅምት የሚቃዥ ከሆነ፣ ጉዞውን ሳይጠብቁ ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይውሰዱት። የሆነበትን ነገር በማያውቀው ቋንቋ ለማያውቀው ሐኪም ከሚያስረዳ፣ እዚሁ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ቢናገረው ይቀለዋል።